ራሷን የምትጠይቀው ኮምፒውተር

አንድ መሥሪያ ቤት የሚከበረው በሕንፃው ቁመት ወይም በሠራተኛው ብዛት አይደለም፤ ማንንም ባለመጠየቁ ነው። በዚህ ረገድ የእኛን የሚያህል የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ኢንተርኔት ያላት ኮምፒውተር አንዲት ብቻ ነበረችን። የተጫነባትን አሮጌ ዊንዶውስ ሠሪዎቹ ራሳቸው ከተዉት ቆይተዋል፤ እኛ ግን ወረት አናውቅም። መስመሩን የሚያቀርበው ድርጅት ቁጥሮቹን ስለቀየረ አንድ ባለሙያ መጣና ዲኤንኤስ የሚባለውን ሊያስተካክል ተቀመጠ። አለቃችን ከኋላው ቆመው ምንነቱን ጠየቁ። የድረ ገጽ ስም ሲጻፍላት ኮምፒውተሯ አድራሻውን በራሷ ስለማታውቅ ውጭ ያለ ማሽን እንደምትጠይቅ፣ እዚህ ቦታ የሚገባውም የዚያ ማሽን ቁጥር እንደሆነ አስረዳቸው።

አለቃችን መነጽራቸውን አወለቁ።

«የት እንደምንሄድ ለውጭ ሰው እየነገረች ነው የምትሠራው?»

«ሰው አይደለም ጋሼ፣ ማሽን ነው።»

«እሱማ ይብሳል።»

ወዲያው ስብሰባ ተጠራ። የቤትን ገመና አደባባይ ማውጣት ከየት እንደመጣ በሰፊው ከተወያየን በኋላ፣ ኮምፒውተሯ ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ማንንም እንዳትጠይቅ፣ የምትጠይቀው ቢኖራት መዋቅሩን ጠብቃ ራሷን እንድትጠይቅ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ቋንቋው ያማረ ነበር። ባለሙያው የሚስቅ ሰው ይኖር እንደሆነ ዞር ዞር ብሎ አየን። ሲያጣ የኮምፒውተሯን የራሷን ቁጥር ሞላላትና ቦርሳውን አንግቦ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ሰላም ሆነ። የትኛውም ገጽ ሲጻፍላት ራሷን ትጠይቃለች፤ አላውቅም ብላም ለራሷ ትመልሳለች። የአለቃችን ምክትል ኮምፒውተሯ ጠባይ ገዛች ሲሉ አመሰገኑ።

የተቸገረችው ጸሐፊያችን ብቻ ናት። ባሏ የሚሠራው ሌላ ከተማ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት በድረ ገጹ ላይ የዝውውር ምዝገባ ከፍቷል፤ የሚቀበለው ግን ከመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር የተላከ ብቻ ሲሆን የሚዘጋውም ዓርብ በሥራ መውጫ ሰዓት ነው። ባል በሕይወት እያለ፣ አውቶቡስ በሚያደርስበት ቦታ እያለ፣ ተለያይቶ መኖር ለእኔ ብክነት ይመስለኛል። ይህ የግል አስተያየት ስለሆነ ቃለ ጉባኤ ውስጥ አልገባም።

አለቃችንን ብትለምናቸው እንዲህ ያለ ገጽ እንደሌለ፣ ይህንንም ኮምፒውተሯ ራሷ እንዳረጋገጠች ነገሯት። ዓርብ ከምሳ በኋላ በራቸው ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት የኃላፊዎችን ፎቶ አውጥቷል አሉ።»

«የት?»

«እዚያ በሌለው ገጽ ላይ።»

«ማንን ከማን በላይ አድርገው ነው ያወጡት?»

«ኮምፒውተሯ ካላወቀች እኔ በምን ልወቅ?»

ባለሙያው በአስቸኳይ ተጠራ። ለአጭር ጊዜና ለምልከታ ብቻ የውጭ ማሽን እንዲጠየቅ ተፈቀደ። ገጹ ተከፈተ። ጸሐፊዋ ፎቶውን ልፈልግልዎ ብላ ተቀመጠች፤ ማመልከቻዋን ላከች፤ መቀበሉን የሚገልጸው መልስ ሲመጣ ተነሥታ ወንበሩን ለቀቀችላቸው።

ፎቶ የሚባል ነገር አልነበረም። የነበረው ተከማችቶ የቆየ መልእክት ነው። መሥሪያ ቤታችሁ አሁንም ያስፈልጋል ወይ ሲል ዋናው መሥሪያ ቤት ደጋግሞ ጠይቋል። የመጨረሻው መልእክት መልስ ስላልሰጠን አያስፈልግም ማለታችን እንደሆነ ተረድቶ፣ መዘጋታችንን አብሥሮ፣ ዛሬ ለዝውውር የተመዘገበ ብቻ ቦታ እንደሚያገኝ ይገልጻል።



«ጋሼ፣» አለች ጸሐፊዋ ቀስ ብላ፣ «ሰዓቱ ገና ነው። እርስዎም ይመዝገቡ፤ ሁላችሁም ተመዝገቡ።»

እኛ አለቃችንን አየን። አለቃችን ባለሙያውን አዩት።

«ልጄ፣ ቁጥሩን ወደ ቦታው መልስልኝ።»

መለሰላቸው። ገጹ እንደገና ተጻፈ፤ ኮምፒውተሯ ራሷን ጠየቀች፤ አላገኘችም።

«አያችሁ፣» አሉ አለቃችን መነጽራቸውን እያጠለቁ፣ «የተዘጋ መሥሪያ ቤት የለም።»

ከመካከላችን የተቃወመ አልነበረም። ሰኞ ጠዋት ሁላችንም በሰዓታችን ሥራ ገባን። የቀረችው ጸሐፊዋ ብቻ ስለነበረች፣ ያለፈቃድ ከሥራ በመቅረቷ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጠናት።