የጠገበ ጎማ

ደመና ባየ ቁጥር መኪና አቁሞ ጎማ የሚያስተነፍስ ሰው የሌለበት ቤተሰብ ካለ፣ ወይ መኪና የለውም፣ ወይ መንገዱ ሁሉ አስፋልት ነው።

በእኛ ቤት ይህን ሹመት የያዙት የታላቅ እህቴ ባል ናቸው። ፊት ለፊት ጋሼ እንላቸዋለን፤ በሌሉበት ደግሞ ክቡር አቶ አስርበው። ጭቃ ባዩ ቁጥር ከአፋቸው የማትጠፋ ቃል አለቻቸው፤ «ጎማ ሲጠግብ ጭቃ ላይ ይጨፍራል። ትንሽ ይራብ፣ ያኔ መሬት ይጨብጣል!»

ይህን ብለው ይወርዳሉ። ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቁጢጥ ይሉና፣ ከደረት ኪሳቸው የክብሪት እንጨት አውጥተው የጎማውን አየር መሙያ ይጫኑታል፤ ሽሽሽ... መለኪያ የሚባል ነገር አያውቁም። በአውራ ጣታቸው ጫን፣ በጫማቸው መታ መታ አድርገው፣ እንደ ሐኪም ጆሯቸውን ይደቅናሉ። «ገና ነው። ይኸኛው ሆዳም ነው።»

ጭቃው ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ፍዳ። የወጣው አየር ሊመለስ ነዋ! በእግር የሚረገጠውን መንፊያ ዘርግተው ሲረግጡ፣ እኛ መንገድ ዳር ተኮልኩለን የአላፊ አግዳሚው መሳቂያ ሆነን ኖርን። አንድ ጊዜማ ለቀብር ተነስተን፣ ቀባሪው ሲመለስ መንገድ ላይ ተገናኘን። ጎረቤት ደጅ ላይ ያፈሰሰችውን ውሃ አይተው እንኳ ወርደዋል። እህቴ «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ እኮ የልብስ እጣቢ ነው!» ብትላቸው፣ «ጭቃ ሁሉ ሲጀምር እንዲህ ነው» አሉ።

ይህን እየሳቅሁ ማውራት የቻልኩት አሁን ነው። አንድ ክረምት ግን ነገሩ ከሳቅ አልፎ ነበር።

እህቴን ሆዷን ሰቅዞ ያዛት። ሐኪም ቤቱ ከረጅም ቁልቁለት ማዶ ነው፤ መንገዱ የሸክላ አፈር፣ በስተቀኝ ገደል። ስንነሳ ደረቅ ነበር፤ ግማሽ ስንደርስ ሰማዩ ተቀደደ። እኔ ከኋላ ወንበር የእህቴን ራስ ጭኔ ላይ አድርጌያለሁ። ድንገት የመኪናው ኋላ እንደ ሳሙና ሙልጭ አለ፣ ወደ ገደሉ። መሪው ወዲህ፣ እኛ ወዲያ። ጠርዙ ላይ አንድ ድንጋይ ባይይዘው ኖሮ ይህን የሚያወራ አይኖርም ነበር። በመስኮቴ ቁልቁል ባይ መሬት የለም፤ ጉም ብቻ።

«ማንም እንዳይነቃነቅ» አሉ ጋሼ። ድምፃቸው የወትሮው ነበር። የእጅ ፍሬኑን ስበው፣ በሩን ቀስ አድርገው ከፍተው ወረዱ።

ሽሽሽ... መኪናው ፀጉር ታህል ዝቅ ባለ ቁጥር ነፍሴም አብራ ትወርዳለች።

«ምን እየሠራ ነው?» አለች እህቴ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ጎማ እያስራበ።»

«ዛሬም?»

«ዛሬም።»

«ለገዛ ቀብሬም ሊያስረፍደኝ ነው!» አለችና ጥርሷን ነከሰች።

ጋሼ በገደሉ በኩል ወደ እኔ መስኮት ዞሩ። ቁጢጥ የሚሉበት መሬት ስንዝር አይሞላም። የክብሪት እንጨቷ አየር መሙያውን እየሳተች ወዲያ ወዲህ ትላለች። ያን ጊዜ ነው ያየሁት፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። በሁለት እጃቸው ያዟት፤ አልሆነም። ጥለዋት በጥፍራቸው ተጫኑት። ሲጨርሱም ቶሎ አልገቡም። ከመኪናው ኋላ ጀርባቸውን ሰጥተውን ዝናቡ ውስጥ ቆሙ፤ ትከሻቸው ይወጣል፣ ይወርዳል። ከዚያ ፊታቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው ገቡ።

«አይዟችሁ፣ ጥጋቡን አብርጄለታለሁ!» አሉ እየሳቁ።

አንደኛ ማርሽ። ፍሬን ሳይነኩ። ጎማው እንደ ድመት መዳፍ ጠፍጠፍ ብሎ መሬቱን ቧጠጠ፤ ገደሉም ስንዝር በስንዝር ከመስኮቴ ራቀ። ሐኪም ቤት እንደደረስን እህቴን ለቀዶ ጥገና አስገቧት። ዳነች፤ ይኸው እስከ ዛሬ ባሏን ትሰድባለች።

እኔ ያየሁትን ለማንም አልተነፈስኩም። ዛሬ ከኋላ አብረውኝ የሚጫኑት የእህቴ የልጅ ልጆች ናቸው። ጋሼ አቁመው «ትንሽ ይራብ» ሲሉ፣ ከሁሉ ቀድሜ የማጉረመርመው እኔው ነኝ፤ «ኧረ ጋሼ፣ ጤዛ ነው እኮ!» የጎማው ሥራ አልቆ እንደዚያ ቀን ከመኪናው ኋላ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆየት ሲሉ ግን፣ ልጆቹ ዞረው እንዳያዩአቸው በፊተኛው መስታወት በኩል ጣቴን እቀስራለሁ፤ «እዩ፣ እዩ! ያ ማዶ ያለው ምንድን ነው?»

ማዶ ምንም የለም። ጋሼ ገብተው እስኪቀመጡ ድረስ ግን የማሳያቸው ነገር አጥቼ አላውቅም።