«የለም» የሚል ኮምፒውተር

«የለም» ማለት እንደ መርካቶ ነጋዴ የሚከብደው ፍጡር አላየሁም። ሱቁ ውስጥ የሌለውን ዕቃ ጠይቁት፤ «አለ! ቁጭ በሉ» ይልና ወንበር ስቦላችሁ ይሰወራል። ጎረቤት ሱቅ ሮጦ፣ ዕቃውን አምጥቶ፣ አቧራውን በእጁ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ሲያቀብላችሁ ከገዛ መደርደሪያው ያወረደው ነው የሚመስላችሁ። ነገ ደግሞ ጎረቤቱ በተራው እሱ ጋ ይሮጣል። ይህን እኔ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለእኔ ዓይነቱ ሳይሆን አይቀርም።

የምማረው ኢንፎርሜሽን ሲስተምስና ማኔጅመንት ነበር። (እናቴ «ኮምፒውተር» ብላ ታሳጥረዋለች።) ለመመረቅ አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፦ ለአንድ ድርጅት ሲስተም ሠርቼ፣ ድርጅቱ እየተጠቀመበት መሆኑን ማስመስከር። ካልተመሰከረልኝ ጋዋን የለም። እናቴ ደግሞ ለምርቃቴ በግ ገዝታ ግቢ ውስጥ አስራለች። ብወድቅ ከበጉ በቀር የሚደሰት አልነበረም።

መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡት የአባቴ ጓደኛ ጋሼ ሸምሱ ዘንድ ሄድኩ። ሱቃቸው ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም፤ እኔ ግን ወረቀቴ ላይ «ድርጅቱ» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ሳምንት ሙሉ ካንዴላና ኩሽኔታ ስቆጥር ከረምኩ። ከዚያ ባንኮኒው ላይ አሮጌ ኮምፒውተር ተክዬ ስክሪኑን ወደ ደንበኛው አዞርኩት። ግልጽነት ይባላል፤ ተምረነዋል! የዕቃው ስም ሲጻፍ፣ ካለ በአረንጓዴ «አለ»፣ ከሌለ በቀይ «የለም» ይላል።

ገና በጠዋቱ አንድ መካኒክ መጥቶ ኩሽኔታ ጠየቀ። ጋሼ ሸምሱ «አለ! ቁጭ በል» ብለው ለሩጫ ሲነሡ እኔ ጻፍኩ፤ ስክሪኑ ቀላ። ሰውዬው ቀዩን አየ፣ ጋሼን አየ፣ «ማሽንዎ የለም እያለ?» ብሎ ወጣ። የገባውም እዚያው ጎረቤት ሱቅ ነው። እስከ ምሳ ድረስ ኮምፒውተሬ እንዲህ እያደረገ ሦስት ደንበኛ ሸኘ።

ጋሼ ሸምሱ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ልጄ፣ እኔ ጋ የለም ማለት መርካቶ የለም ማለት ነው እንዴ? ጎረቤት ምን ሊሠራ ነው?» አሉና ሶኬቱን ነቀሉት። በአራት ዓመት ትምህርት ስለ ጎረቤት አንድ ምዕራፍ አልነበረንም። በሳምንቱ ኮምፒውተሩ ላይ የፍሬን ሸራ ካርቶን ተደርድሮበት አገኘሁት።

መምህሬ የድርጅቱን ስልክ የጠየቁኝ ይኼኔ ነው። ቢሮአቸው አስቀምጠውኝ፣ እኔም እንድሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገው ደወሉ። የበጉ ዕድሜ ሲረዝም ታየኝ።

ማንነታቸውን ተናግረው «የተማሪያችን ሲስተም እርስዎ ጋ አለ?» ብለው ጠየቁ።

ጋሼ ሸምሱ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስዱ «አለ!» አሉ። ቀጥለውም «ስንት ፍሬ ይሁንልዎ?»

መምህሬ ስልኩን ዘግተው በአድናቆት አዩኝ። «በጅምላም ጀምረኸዋል ለካ!» ብለው ፈረሙልኝ።

በጉ አልተረፈም።