ጸጋ ያላት እናት

"ልጅ ማሳደግ ብቻውን ሕይወት አይደለም" የሚሉ ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔ ያየኋቸው ሁሉ ሞግዚት ያላቸው ናቸው።

ጓደኛዬ ሰናይት ግን ሦስት ሕፃናት ይዛ ቤት ከዋለች አራት ዓመቷ ነው። አሜሪካ፣ ሳን ሆዜ ከተማ ያለው ቤተ ክርስቲያናችን ለእናቶች "ዓላማሽን እወቂ" የሚል የቅዳሜ ሥልጠና ሲያዘጋጅ፣ መጀመሪያ ሬጅስተር ያደረገችው እሷ ነበረች። አዲስ ደብተር ሳይቀር ገዛች።

ቅዳሜ ሁላችንም ልጆቻችንን እየጎተትን መጣን። አሠልጣኛችን እትዬ አልማዝ ጩኸቱ ሲበዛባቸው ዙሪያውን ቃኙ። ከመካከላችን "ሥራ የሌላት" ሰናይት ናት።

"የኔ ልጅ፣ አንቺ ልጅ የመያዝ ጸጋ አለሽ" ብለው የሁላችንንም ልጆች አስይዘው ወደ ጓሮ ክፍል ሸኟት።

እኛ ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለ ዓላማ ተማርን። እኔማ አለቀስኩ። ልጄን ማን እንደያዘልኝ ትዝም አላለኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰናይት ቀድማ መጣች። ትንሿን ልጇን ለእትዬ አልማዝ አሳቅፋ፣ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ደብተሯን ገለጠች።

"ታዲያ ማን ሊያስተምር ነው?" አሉ እትዬ አልማዝ።

"ጸጋው ለእርስዎም እስኪገለጥልዎት ድረስ እኔ አስተምራለሁ።"

እኔም ቀስ ብዬ የራሴን ልጅ አቀበልኳቸው።