ሕመምተኛውና ሸኚው

የልብ ሕመምተኛን ከበሽታው ይበልጥ የሚያደክመው አዛኝ ዘመድ ነው። እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ወደ ቡራዩ ስመለስ፣ ባለቤቴ አልማዝ የውሃ ብርጭቆ እንኳ ከእጄ ትቀማኝ ጀመር። ምን ልዋሽ፣ እንደ ንጉሥ ተጋድሞ መዋሉን ወድጄው ነበር።

ሐኪሞቹ ግን አልወደዱልኝም። አዲስ አበባ ውስጥ የልብ ሕሙማንን ስፖርት የምታሠራ ሲስተር ዘንድ ላኩኝ። የደም ሥሮቼ ውስጣቸው፣ ቁስል እንደሚቆጣው፣ ተቆጥቷል አለች፤ መድኃኒቴን ሳላቋርጥ በልኩ ብንቀሳቀስ ቁጣውን ለማብረድ ይረዳል። ልኩስ? እየሄድኩ ማውራት ካቃተኝ አብዝቻለሁ ማለት ነው። ወሬ በሐኪም ሲታዘዝ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ጊዜው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን የገበሬውን መሬት ይወስዳል የሚለው ተቃውሞ የበረታበት ነበር። አንድ ቀን ከስፖርቱ ስመለስ መንገድ ተዘግቶ ታክሲው አስኮ ላይ አራገፈን። ከሩቅ ተኩስ ይሰማል፤ ሰው ይሮጣል። ልቤም አብሮ ሮጠ፤ እግሬ ግን አስፋልቱ ላይ ተተከለ። እዚህ ብወድቅ ማን ያነሳኛል?

“ምን ይገትርሃል?” አሉኝ ከኋላዬ። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑት ጎረቤቴ ኦቦ ገመቹ ናቸው።

“መሮጥ አልችልም ኦቦ፣ ልቤ…”

“ማን ሩጥ አለህ? ሱታ፣ ሱታ! ቀስ እያልን እንሄዳለን።”

በውስጥ ለውስጥ መንገድ ገባን። የሲስተሯን ትእዛዝ ስነግራቸው “እንግዲያው አውራ” አሉኝ። እሳቸውም አወሩ፤ የእርሻ መሬታቸው ነገር እንቅልፍ ነስቷቸዋል፤ ልጃቸውም ሰልፉ መሀል ነው።

“ታዲያ እሱን አይፈልጉትም?” አልኳቸው ደንግጬ።

“እሱ እግር አለው። አንተ ግን ልብ የለህም!”

ድንጋይ የደረደሩ ወጣቶች ሲያስቆሙን በኦሮምኛ ሕመሜን ነገሯቸው፤ ልጆቹም ገለል ብለው አሳለፉን። ሰፈር ስንደርስ ልጃቸው፣ እግዜር ይመስገን፣ በደህና ቀድሞን ገብቶ እሳቸውን ፍለጋ ሊወጣ ነው። አልማዝ አቅፋኝ አለቀሰች። እኔ ምንም አልሆንኩም፤ ኦቦ ገመቹ ግን ደጃችን ላይ ቁጭ ብለው ያለከልኩ ነበር።

መንገዱ ሲከፈት በግድ ይዣቸው ወደ ሲስተሯ ሄድኩ። የደም ግፊታቸውን ስትለካ ፊቷ ተለዋወጠ፤ “ለመሆኑ ሕመምተኛው የትኛችሁ ናችሁ?” አለች።

“እሱ ነው” አሉ ኦቦ ገመቹ ኮራ ብለው፤ “እኔ ሸኚ ነኝ።”

እነሆ፣ ሐኪም መድኃኒት ጀምሮላቸው አብረን ስፖርት እንሠራለን፤ ለጠየቃቸው ሁሉ ግን እስከ ዛሬ እየሸኙኝ ነው።