የሑዳዴው ዓሣ

ከሌላ ሃይማኖት ሰው ጋር በሰላም መኖር አይከብድም። እሱ በዒዱ ይጠራሃል፣ አንተ በፋሲካህ ትጠራዋለህ፤ በቀረው ጊዜ ስለ በርበሬ ዋጋ ታወራላችሁ። ጣጣው ከእምነት ወንድምህ ጋር ነው። አንድ ደጃፍ ስትሳለሙ ኖራችሁ በአንድ ዓሣ ትለያያላችሁ።

እኔና ጋሽ ወልዴ ቡታጅራ ውስጥ አጥር ለአጥር ነን። እሑድ እሑድ አብረን ስናስቀድስ ሃያ ዓመት ሆነን። እሳቸው በጾም ዓሣ አይነኩም። እኔ ዓሣ አያስገድፍም ባይ ነኝ፤ ከዝዋይ ትኩሱ ሲመጣማ እምነቴ ይጠነክራል።

ባለፈው ሑዳዴ ማኅበር ላይ ነገሩ ተነሣ።

“ደም ያለው ሁሉ ያስገድፋል፤ አለቀ!” አሉ ጋሽ ወልዴ።

“አለቀ” ማለታቸው አናደደኝ። “እርስዎ ዓሣ ባይበሉም በሐሜት ሰው ይበሉ የለ?” አልኩ። ቤቱ በሣቅ ተናጋ። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ማለት ይኼ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብቻዬን ማስቀደስ ጀመርኩ። ዲያቆኑ እርስ በርስ ሰላም ተባባሉ ሲል ግራ ቀኙን እጅ እነሣለሁ፤ እሳቸው ጋ ስደርስ አንገቴ ይደርቃል። ልብስ ሰፊ ነኝና አንድ ቀን የሱሪ እግር ገልብጬ ሰፋሁ። ጨርቅ የሚሸጡልኝ ሐጂ ነስሩ ይህን አይተው ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

“ወላሂ፣ እኔና ወንድሜ ጨረቃ ታየች፣ አልታየችም ተባብለን ዒድን በየቀናችን አከበርን” አሉኝ። “በማግስቱ ቤቱ ሄጄ በላሁ። ሁለቴ በላሁ እንጂ ምን ጎደለብኝ?”

የዚያኑ ዕለት ጋሽ ወልዴ ጓሮ ሄድኩ። የደረቀ የእንሰት ቅጠል ይቆርጣሉ።

“ጋሽ ወልዴ፣ በድያለሁ።”

“ዓሣው የአንተና የንስሐ አባትህ ጉዳይ ነው” አሉ ዞር ሳይሉ። “በሃያ ዓመት መንገድ ማንን አማሁልህ?”

“ማንንም።”

“ታዲያ?”

“ሰው እንዲስቅልኝ ነው።”

ቢላዋቸው ቆመ። “ይህንኑ ማኅበሩ ፊት ትለዋለህ።”

በሚቀጥለው የማኅበር ቀን እንዳሉት አደረግኩ። ያን ቀን የሳቀ የለም።

በዓሣው ዛሬም አልተስማማንም። ከዚያ በቀጠለው እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ጋሽ ወልዴ ወዲያ ወዲህ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ለመሆኑ በምንድን ነው የምትጠብሱት?” አሉኝ።

“በቃሪያና በሽንኩርት።”

ምራቃቸውን ዋጡ፤ ወዲያው አማተቡ። “ለጾመኛ እንዲህ ያለ ነገር ይወራል?” ብለው ተቆጡኝ።

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። አንዴ ከለመዱት አይከብድም።