በቀበሌ 02 እንዲወድቅ የታቀደው ሮኬት

ሌላው ባለሥልጣን የወደቀ ነገር ሲያነሣ ዕድሜው ያልቃል። ገና ያልወደቀን ነገር የሚወድቅበትን ቀበሌ ወስኖ፣ ማኅተም መትቶ፣ ድንኳን ተክሎ የተቀበለ ግን ከአቶ ሰማው በፊት አልተሰማም። አቶ ሰማው ከብቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ለክብሯ ሲባል ስሟ በማይጠራ አንዲት ከተማ፣ የአንድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው ከትምህርት ቤት ነው። የፊዚክስ መምህሯ ጸደንያ፣ ነዳጁን ጨርሶ ምድርን በባዶው ሲዞር የከረመ የሮኬት ቀፎ ሐሙስ እንደሚወድቅ፣ መንገዱም በጎጃም ሰማይ ላይ እንደሚያልፍ አስልታ ለተማሪዎቿ ነገረቻቸው። ወሬው ሰኞ ጧት ከክፍል ወጣ፤ ከምሳ በፊት ቢሮ ገባ። አቶ ሰማው አስጠሯት።

«ሐሙስ በስንት ሰዓት ነው?»

«ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ግን የስድስት ሰዓት ያህል ሊቀድምም፣ ሊዘገይም ይችላል።»

«ቀበሌው?»

«ቀበሌ አይታወቅም፣ ጋሼ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከሞጣ አዲስ አበባ ደርሶ ገና ጊዜ ይተርፈዋል። የላይኛው አየር ደግሞ እንደ ፀሐይዋ ጠባይ ያብጣል፣ ይሟሽሻል። ሲያብጥ ቶሎ ይጎትተዋል፤ ሲሟሽሽ ይለቀዋል።»

«ታዲያ አንቺ እርግጠኛ የሆንሽው ምኑን ነው?»

«መውደቁን።»

አቶ ሰማው በትዕግሥት ፈገግ አሉ። ሳይንስ ያልጨረሰውን አስተዳደር እንደሚጨርሰው ያውቃሉ። «ቅጹ ላይ 'ቦታ' የሚል አለ» አሏት።

«ባዶውን ይተዉት።»

«ባዶ ቦታ ባለበት ቅጽ ላይ ማኅተም አይመታም፣ ልጄ።»

ቀበሌ 02 ብለው ጻፉ። ገበያው እዚያ ስለሆነ ለድንኳን ይመቻል።

በማግስቱ ዐቢይ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ዐቢዩን የሚደግፍ ንዑስ፣ ንዑሱን የሚከታተል ቴክኒክ ኮሚቴም ተከተለ። የሐሙስ ገበያ ተሰረዘ። ቲማቲም ነጋዴዋ እማማ ፈንታነሽ ይህን ሲሰሙ ቢሮ ድረስ መጡ።

«ጌታዬ፣ ቲማቲሜ ሌላ ገበያ አይጠብቅም። ይፈርሳል።»

«እማማ፣ ከሰማይ የሚመጣ ነገር እኮ ነው!»

«ከሰማይ የሚመጣውንማ አውቀዋለሁ፤ በረዶ ስንቴ መቶኛል። ቀጠሮ አስይዞ ሲመጣ ግን አላየሁም።»

አቶ ሰማው የግንዛቤ እጥረት መኖሩን በማስታወሻቸው ያዙ።

ሐሙስ ደረሰ። «ለሚወድቀው ሁሉ ዝግጁ ነን!» የሚል ባነር ተሰቀለ። አቶ ሰማው ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ንግግር አደረጉ፤ ልክ ዘጠኝ ሲል ቆም ብለው ቀና አሉ። ሕዝቡም ቀና አለ። አንድ ጥንብ አንሣ ከላይ ዞሮ ዞሮ፣ የሚረባ ነገር እንደሌለ አይቶ ሄደ። አሥር ሰዓት ሆነ። የሕዝቡ አንገት ሲዝል ጸደንያ ስልኳን እያየች ወደ መድረኩ ጠጋ አለች።

«ጋሼ፣ ወድቋል። ሰባት ሰዓት ላይ፣ ደቡብ ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ።»

«እኔ ስናገር?»

«ድንኳኑ ሲተከል።»

የአቶ ሰማው ፊት ጠቆረ፤ ወዲያው ግን በራ። ድምፅ ማጉያውን አነሡ። «በተደረገው ቅንጅታዊ ርብርብ አደጋው ከወረዳችን ክልል እንዲወጣ ተደርጓል!» ሕዝቡ አጨበጨበ። ካላጨበጨበ እንደማይለቀቅ ያውቃል። እማማ ፈንታነሽ ብቻ እጃቸውን አላነሡም፤ የፈረሰ ቲማቲም እየለቀሙ ነበር።

ሪፖርቱ በዞን ላለው የበላይ አካል ተላከ፤ በሳምንቱ የምስክር ወረቀት መጣ። አቶ ሰማው ገና መስቀያ ምስማር ሲፈልጉ ግን ከጎረቤት ወረዳ አቤቱታ ተከተለ። በዚያው ሐሙስ የእህል መጋዘናቸው ጣራ ተገንጥሎ ስለ ነበር፣ «ከክልላችሁ ያስወጣችሁት ወደ ማን ክልል ነው?» ይላል።

አጣሪው አቶ ይርጋለም ከዞን መጡ። አቶ ሰማው አጣብቂኝ ውስጥ ገቡ። አዞርሁት ቢሉ የሰው ጣራ አፍርሰዋል፤ አላዞርሁም ቢሉ ሪፖርቱ ውሸት ነው። ጸደንያን አስጠሩና «እባክሽ ልጄ፣ ሰው ሊያዞረው እንደማይችል አስረጂልኝ» አሏት። አስረዳች። ከዚያም በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ተናገሩ።

«ጌታዬ፣ እኛ ምንም አላደረግንም። ድንኳን ተከልን፤ እሱ በራሱ ጊዜ ባሕር ገባ።»

አቶ ይርጋለም ብዕራቸውን አስቀመጡ። «እንዲህ ከሆነ የምስክር ወረቀት የሰጠነው እኛ ምን ልንባል ነው?»

«እውነቱ ግን...»

«እውነቱ የጎረቤት ጣራ በንፋስ ነው የተገነጠለው፤ ይህን አጣርቼአለሁ። ሮኬቱን ግን አዙረዋል። በዞኑ የወዳቂ ነገሮች አቅጣጫ ማስቀየሪያ ዴስክ ይከፈታል፤ ኃላፊው እርስዎ ነዎት። ዕቅዱም ወጥቷል፤ በዓመት አራት የሞቱ ሳተላይቶች ወይም ስብርባሪዎች ወደ ዞናችን ሲመጡ ያስቀይራሉ።»

አቶ ሰማው ዕድሜ ልካቸውን የተመኙት ሹመት መጣላቸው፤ እሳቸው ግን በጭንቀት ወደ ጸደንያ ዞሩ። «አራት ይመጣል?»

«እኔ እንጃ፣ ጋሼ።»

«ባይመጣስ?» አሉ አጣሪውን።

አቶ ይርጋለም ቦርሳቸውን ዘጉ። «ባይመጣ በማን ቸልተኝነት እንደ ቀረ እናጣራለን።»