ወይዘሮ ጉዳይ አለኝ

የገበሬ ሚስት ያለ ጉዳይ ከቤት አትወጣም። ባል ዛፍ ሥር ተጋድሞ ሰማይ ቢያይ «ዝናቡን እያጠና ነው» ይባልለታል። ሚስት ቆማ ሰማይ ብታይ ግን «ምነው፣ ሥራ ፈታች እንዴ?» መባሏ አይቀርም። ስለዚህ ብልሆቹ የልባቸውን መሥራት ሲያምራቸው ጉዳይ ይፈጥራሉ። በዚህ ሙያ አቻ ያልነበራቸው ግን ባለፈው ሳምንት የተቀበሩት ወይዘሮ ናቸው። መንደሩ ሁሉ «ወይዘሮ ጉዳይ አለኝ» ይላቸው ነበር።

የክብርት ወይዘሮ ጉዳይ ሁሉ ያለው ተራራ ላይ ነበር። ሱቁ ቁልቁል ሆኖ ሳለ ሳሙና ሊገዙ ሽቅብ ይወጣሉ፤ «በዚያ በኩል ይቀርባል» ይላሉ። ዶሮ ከጠፋች ፍለጋው የሚጀመረው ከጫፉ ነው፤ ተራራ የምትወጣ ዶሮ ማን እንዳየ እንጃ። አንድ ቀን ደግሞ ጥጃ ጠፋች ብለው ወጥተው ግማሽ ቀን ቆዩ። ጥጃዋ በረት ውስጥ ታስራ ድርቆሿን ታላምጥ ነበር። ባላቸው ነገር የማያበዙ ሰው ናቸውና ሲመለሱ በአገጫቸው ወደ በረቱ አመለከቷቸው።

«ጥጃሽ ይችውልሽ።»

«አየህ፣ ቀድማኝ ገብታለች» አሉ ወይዘሮዋ፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው።

አንድያ ልጃቸው ትንሽ ሳለች አንዳንዴ ያስከትሏት ነበር። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ጫማቸውን አውልቀው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ከዚያ ተራራ ጀርባ ሌላ ተራራ፣ ከሱም ጀርባ ሌላ ይታያል።

«እማዬ፣ ምን እየፈለግን ነው?»

«ዝም ብለሽ እዪ።»

ሲበቃቸው «በይ ተነሽ፣ ሥራ ፈታን» ብለው ቀድመው ይወርዳሉ።

ልጅቷ አድጋ ከተማ ገባች፣ ልብስ ሰፊ ሆነች። አባቷ ሲሞቱ እርሻው ለዘመድ ተላለፈና እናቷን ወደ ራሷ አመጣቻቸው። ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ነው። መስኮቱ የሚያየው የጎረቤትን ግድግዳና የተሰጣ ልብስ ነው፤ ከተማውም እንደ ጠረጴዛ ሜዳ ነው። ወይዘሮዋ አንድ ቀን እንኳ አላማረሩም። ልጅቷን የከነከናትም ይኸው ነው፤ ቢያማርሩ መልስ ትሰጥ ነበር። ተራራቸውን ቀምቼ እዚህ ቆለፍኩባቸው እያለች የስፌት መኪናዋ ላይ ስትብሰለሰል ሦስት ዓመት አለፈ።

ሐሙስ ሐሙስ ብቻ በማለዳ ይነሡ ነበር። «ለጉልበቴ ሕክምና እሄዳለሁ፣ ጉዳይ አለኝ።» አመሻሽ ላይ ደክሟቸው ገብተው እግራቸውን ይዘረጋሉ። «ዛሬስ አሽተው ገደሉኝ።» ልጅቷ አብሬሽ ልሂድ ስትል «አንቺ ስፌትሽን ስፊ፤ ነርሷ ሰው ማስከተል አትወድም» ይሏታል።

ከቀብሩ በኋላ ባለው ሐሙስ ልጅቷ የእናቷን ምርኩዝ ይዛ ክሊኒኩ ሄደች። ነርሷን ልታመሰግን፣ ምርኩዙንም ለሌላ በሽተኛ ልትሰጥ ነበር። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ፈልጋ ፈልጋ አንድ ካርድ አወጣች።

«የመጡት አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም የዛሬ ሦስት ዓመት። ዳገት እንዳይወጡ ተመክረዋል ይላል።»

ልጅቷ ካርዱን ተቀብላ ራሷ አነበበችው። ታዲያ ሐሙስን የት ነበር የሚውሉት? ቤቴ አንገሽግሿቸው የሰው ደጅ ተቀምጠው ይሆን? ምርኩዙን እንደያዘች ፊት ለፊት ካለው መናኸሪያ ገብታ ወደ ቤቷ የሚሄደውን አውቶቡስ ስትጠብቅ አንድ ሹፌር ከመስኮቱ አንገቱን አወጣ።

«እህቴ፣ ይሄ የእማማ ምርኩዝ አይደል? ዛሬ ሐሙስ ነው፣ የት ቀሩ?»

«አረፉ። ልጃቸው ነኝ።»

ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። «ነፍስ ይማር» አለና ባርኔጣውን አወለቀ።

«የት ነበር የምትወስዳቸው?»

«አታውቂም እንዴ? ከከተማ ወጣ ብሎ ካለው ተራራ ሥር አወርዳቸዋለሁ፣ ማታ ስመለስ አነሣቸዋለሁ። ልጄ ልብስ ስትሰፋ ዓይኗን ያማታል፣ ለዓይን የሚሆን ቅጠል ልለቅምላት ነው ይሉኝ ነበር።»

ልጅቷ ዓይኗን አሟት አያውቅም። በሦስት ዓመት ውስጥም አንዲት ቅጠል ቤቷ አልገባችም። ሐዘን የለበሰች ሴት መናኸሪያ መሀል ቆማ ከት ከት ብላ ስትስቅ መንገደኛው ዞሮ አያት፤ እሷ ግን ደረቷ ላይ የተጫነው ድንጋይ ሲነሣ እየተሰማት ነበር።

«አንዴ» አለ ሹፌሩ፣ እሱም ፈገግ ብሎ፣ «ይህን ያህል ከወደዱት እዚያው ለምን አይኖሩም ብያቸው ነበር።»

«ምን አሉህ?»

«ተራራው እራት አብሮኝ አይበላም፣ ልጄ ትጠብቀኛለች፣ ቶሎ ንዳ አሉኝ።»

በቀብሩ ቀን እንባ እምቢ ብሏት ነበር። አሁን ሹፌሩ አውቶቡሱ በር ደረጃ ላይ ቦታ ለቀቀላትና «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» አላት። ተቀምጣ አለቀሰች። ወጣላትም።